ወይራውን ማን ያጠጣው ነበር?

ሩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ መርሳ ከተማ ነው፤ ከሼህ አብዱልጀሊል ግቢ ጋር አንድ አጥር ይጋራሉ።

ሩት ጎበዝ ናት፤ መዝሙር አንዴ ከሰማች አትረሳም። ችግሯ አንድ ነው። ትጀምራለች፣ አትቀጥልም። ጥርሷን መቦረሽ ሰኞ ትጀምርና ረቡዕ ትተወዋለች። ከእናንተ መካከል መቼም እንዲህ ያለ ልጅ የለም።

ከፋሲካ በኋላ መምህርት በላይነሽ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች አንድ አንድ የወይራ ችግኝ ሰጡ። በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም አሉ። ክረምት ሲገባ በደህና ያቆየ ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በገዛ እጁ ይተክላል። የሩት ልብ ዘለለ። ቅድመ አያቷ የተከሉት ወይራ እዚያ ቆሟል፤ ሩትና ጓደኛዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ አያቅፉትም። በሥሩ ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ እያየች ትደነቃለች።

ችግኟን ከአጥሩ ሥር አስቀመጠች። ሦስት ቀን አጠጣችው። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ጣማት። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ሳምንት አለፈ። ትዝ ሲላት ደንግጣ ሮጠች። ችግኙ ግን ለምልሟል። ዝናብ ሳይዘንብ አፈሩ ርጥብ ነው። ሩት ወደ ሰማይ ቀና አለች። እግዚአብሔር እያጠጣልኝ ነው አለች በልቧ።

ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ተወችው። መምህርቷ ሲጠይቋት ግን በየቀኑ አጠጣለሁ አለች። ልጆቹ አጨበጨቡላት፤ እሷ ግን አንገቷን ደፋች።

በሰኔ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ሩት ውሸቴ ነው ያደረቀው ብላ አለቀሰች። የሼህ አብዱልጀሊል ባለቤት እትዬ ዓቢዳ ከአጥሩ ማዶ ሰሟት።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

"ወይራዬ እየሞተብኝ ነው።"

"ውይ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። ሼሁ ውርጌሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ አጠጪው ብለው አደራ ሰጥተውኝ ነበር። ውኃ ጠምቶት ቢያዩት አሳዘናቸው። ለሱብሂ ሶላት ታጥበው የተረፋቸውን ውኃ በየቀኑ ለሱ ነው የሚያፈሱለት።"

እስቲ አስቡት ልጆች። አንድ ሽማግሌ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ማንም ሳያያቸው የጎረቤት ልጅ ችግኝ ያጠጣሉ። አንድ ቀን አይደለም፤ ከአንድ ወር በላይ። እግዚአብሔር አጠጣልኝ ማለቷስ ልክ ነበር፤ በማን እጅ እንደሆነ ነው ያላወቀችው።

እሑድ በልጆቹ ሁሉ ፊት ቆመች። "መምህርት፣ ዋሽቻለሁ። ያጠጣሁት ሦስት ቀን ብቻ ነው" አለች። መምህርቷ አልተቆጧትም። ዘንድሮ ግን እንደማትተክል፣ ዓመቱን ሙሉ ከተንከባከበችው ከርሞ እንደምትተክል ነገሯት። ሩት አለቀሰች፤ ቢሆንም አልተከራከረችም።

አሁን መላ አበጀች። ማታ ኩባያዋን ሞልታ በሩ አጠገብ ታስቀምጣለች። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ትነሣለች፤ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ወይራዋን ታጠጣለች። በአራተኛው ቀን ያ የለመደችው እንቅልፍ መጣ። ነገ ልትል ስትል ሼሁ ትዝ አሏትና ተነሣች። ከዚያ በኋላ እግሯ ራሱ ለመደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ችግኙ ሁለት ለጋ ቅጠል አወጣ፤ ሩት ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ሼህ አብዱልጀሊል ከውርጌሳ በተመለሱ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ወደ አጥሩ መጡ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ነኩት። ርጥብ ነው። ቀና ሲሉ ሩት ባዶ ኩባያ ይዛ ቆማለች።

"ቀደምሽኝ ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ" አሉና እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

ልጆች፣ ትንሿን መልካም ሥራ በየቀኑ ሳታቋርጡ ሥሩ፤ እግዚአብሔር ትልቁን ዛፍ የሚያበቅለው በእሷ ነው።