አርባ እጥፍ

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ወንበር ነው። ከላፕቶፑ የበራው ካርታ ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር የጋሼ ወልደየስ የአትክልት መደብ ከሰባቱ መደቦች መካከል ሰርጉዶ ታየ። መሰርጎድ ይባላል እንዴ? ገደል ነበር እንጂ።

«ወንድም ወልደየስ፣ እዚያ የሚወርዱት በገመድ ነው?» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ላፕቶፑ አጠገብ የቆመችው ኤዶም ደስ አላት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲሳቅበት ደስ አይበልሽ ተብላ ነው ያደገችው፤ ቢሆንም ደስ አላት። እናቷ ብርነሽ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ብርነሽ ስትስቅ ከታየች ስንት ወር ሆኗት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆላንድ፣ በዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ እሑድ እሑድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልከው ጉባኤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባት የጓሮ አትክልት መደቦች አሉት። ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2017፣ መደቦቹን ከሚያከራየው የአትክልተኞች ማኅበር ደብዳቤ መጣ፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የሚፈቀድላችሁ ስድስት ነው፣ አንዱን መልሱ ይላል። የማን ይመለስ? ሰው ፊት ለፊት «ያንተ ይሁን» የሚል አንደበት በዚያ ጉባኤ የለም። ክፉ ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ እንጂ በልባቸው እንዳይገባ የሚጠነቀቁ ብዙ አይደሉም።

የጉባኤው መሪ አቶ ፈቃደ ግን መላ አገኙ። ኤዶም የምትማረው እርሻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። «ልጃችን መሬቱን በኮምፒዩተር ትለካው። መጥፎው መሬት ይመለስ። ካርታ ዘመድ የለው» አሉ። ሁሉም ተስማማ፤ ጥፋተኛው ኮምፒዩተሩ ይሆናላ።

ኤዶም ከመምህሯ ጫፉ ላይ የሳተላይት መቀበያ፣ ሥሩ ላይ የእርጥበት መለኪያ ያለው ረጅም ዘንግ ተዋሰች። ከጓደኛዋ ከሩቲ ጋር ሦስት ቅዳሜ እርምጃ በእርምጃ መሬቱን ወጋጋች፤ ሩቲ ቁጥሩን ትጽፋለች። ሶፍትዌሩ የለካሽውን ሁሉ እንደ ስስ ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ ይደርበዋል፤ አፈሩ አንድ ንብርብር፣ ከፍታው አንድ፣ እርጥበቱ አንድ። ከዚያ መሬቱን ከነጉብታው ያነሣልሽና በጣትሽ ታዞሪዋለሽ። ከንብርብሩ ስም አጠገብ ባለችው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረግሽ ንብርብሩ ይታያል፤ ካነሣሽው ይጠፋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኤዶም ሳታይ የጋሼ ወልደየስን የጎመን ችግኝ ረገጠች። ሦስት እግር ብትሆን ነው። ጋሼ ቀና አሉና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባት የሌለበት ቤት ያሳደገው እግር እንዲህ ነው የሚረግጠው» አሏት።

አባቷ ሮተርዳም ወደብ ነው የሚሠራው፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከደወለ ሁለት ዓመቱ። ይህን እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም «ኧረ ጋሼ» አላለም። እናቷም አላለችም፤ ጎንበስ ብላ የአካፋዋን ጭቃ መፋቅ ያዘች። ኤዶምን ያንገበገባት ይሄኛው ነው።

እንግዲህ ካርታውን ልትሠራ ስትቀመጥ ልቧ እንዴት እንደነበር መገመት ነው። መምህሯ አስጠንቅቋት ነበር፦ «የዚህ አገር መሬት ለጥ ያለ ነው። ከፍታውን ካላባዛሽው ምንም አይታይም። አምስት እጥፍ አድርጊው፤ ያባዛሽበትን ቁጥር ደግሞ ጥግ ላይ ጻፊ፣ አለዚያ ውሸት ነው።» የጋሼ ወልደየስ መደብ ከጎረቤቶቹ ዝቅ የሚለው አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነበር። ስንዝር አይሞላም። ኤዶም አርባ እጥፍ አደረገችውና ቁጥሩን ከጥጉ አጠፋችው።

«ፌት!» አለች ሩቲ እየሳቀች፤ በሆላንድኛ አሪፍ ማለቷ ነው። «መቃብር መሰለ እኮ!»

የእርጥበቱንም ንብርብር አጠፋችው። ይሄን ለቂም አልነበረም ያደረገችው። ሲበራ አራት ቁጥር መደብ ብቻውን ድፍን ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሥሩ ውኃ ይዞ ሥር የሚያበሰብሰው እሱ ነው። አራት ቁጥር የእናቷ ነው። ብርነሽ ሳምንቱን ሙሉ በአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌ ስታነሣ ስታስተኛ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ለመናገርም አቅም የላት። ቅዳሜ አራት ቁጥር ላይ ስትቆም ግን ትዘምራለች። በሌላ ቦታ ስትዘምር ኤዶም ሰምታት አታውቅም።

አሁን ጋሼ ወልደየስ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። መዳፋቸውን ጉድጓዱ ላይ አሳረፉት፤ ብርሃኑ እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«እኔ የምቆመው እዚህ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች ኤዶም።

«ሰባት ዓመት ቆሜበት እግሬ አልነገረኝም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ አንቺ ተምረሻል። መሣሪያው ካየው የሳተው የእኔ ዓይን ነው። እስከ ቅዳሜ ችግኙን አነሣለሁ።»

ይጮኹብኛል፣ ይጣሉኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር። እንዲህ ያምኑኛል አላለችም።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ወደ አቶ ፈቃደ ዞረው። «ጉድጓድ ከሆነ ውኃ ለምን አልተኛበትም? በክረምትም ደረቅ ነው።»

«ካርታው ከፈረደ በኋላ ክርክር ምን ያደርጋል፣ ወንድሜ?» አሉ አቶ ፈቃደ። እንደገና ተሳቀ። ጋሼ ወልደየስ ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉት፤ ማንም አልሳበላቸውም። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ከዚያ መደብ ሌላ የሚሄዱበት እንደሌለ እየሳቀ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

«በጸሎት እንዝጋው» አሉ አቶ ፈቃደ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ዓይን ሁሉ ተከደነ።

ኤዶም ዓይኗን አልከደነችም። አቶ ፈቃደ ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ረዘም አድርገው ሲጸልዩ እሷ ላፕቶፑ ላይ የከፍታውን ማባዣ ያዘችና ጎተተችው። ከአርባ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አንድ።

«አሜን» ተብሎ ዓይን ሲገለጥ ግድግዳው ላይ ገደልም ጉብታም የለም። ሰባቱ መደቦች እንደ ጠረጴዛ ተንጣልለዋል።

«ምነው፣ ተበላሸ?» አሉ አቶ ፈቃደ።

«አልተበላሸም። መሬቱ እንዲህ ነው። አርባ ጊዜ አባዝቼው ነው ቅድም ያያችሁት። ልዩነቱ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው።» እጇን ከላፕቶፑ አነሣች። «በጋሼ ተናድጄ ነው።»

የሚስቅ ጠፋ። የሳቁት ሰዎች ፊታቸውን ቅጭም አድርገው እሷን ማየት ጀመሩ፤ ከመቼው እንደተለወጡ ይገርማል።

«በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ ትቀልጃለሽ?» አሉ አቶ ፈቃደ ቀስ ብለው። «ታዲያ የትኛው ይመለስ? ወይስ እሱንም አላውቅም ልትይን ነው?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ዕጣ ይጣል ይባልና የደረሰበት ይደርስበት ነበር። ሩቲ ከጎኗ ክንዷን ጨመቀቻት።

«ኒት ዱን፣ ኤዶም» አለች በሆላንድኛ፤ አታድርጊው ማለቷ ነው። «እናትሽ ናት እኮ።»

ኤዶም እጇን አስለቀቀችና የእርጥበቱን ሳጥን ነካች። ሰማያዊው ቀለም መጣና አራት ቁጥርን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

ካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ጋሼ ወልደየስ አንገታቸውን አሰገጉ። «አራት ቁጥር የማን ነው?»

ከእሳቸው በቀር የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ወለሉን አየ። ብርነሽ ካፖርቷን ለብሳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፋለች፤ ቀና አላለችም።

«የእኛ ነው» አለች ኤዶም።