በሽጉጡ ላይ የተፋቀው ዓመት

አቶ ሰቦቃ አቃቂ በሚገኘው ቤታቸው፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ግንባራቸውን ተፈንክተው ሞተው የተገኙት ዛሬ ጠዋት ነው። የተፈነከቱበት የአባታቸው ሽጉጥ አጠገባቸው ወድቋል። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ አባትየው በ1933 ከአንድ መኮንን የማረኩት።

ኢንስፔክተር ኡምሀኒ ስትደርስ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል። ብረት ሠራተኛው የልጅ ልጃቸው ኤባ በካቴና ታስሮ ቆሟል፤ እናቱ ዳሲቱ ደረቷን ትደቃለች።

ኡምሀኒ ሽጉጡን በጓንት አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። የፋብሪካው ስም፣ «ሞዴል 1934» የሚለው ጽሑፍና የተቆጣጣሪው የዘውድ ማኅተም እንደ ብረቱ ጠቁረዋል። የተሠራበት ዓመት ብቻ ያብረቀርቃል፤ አንዱ በሞረድ ፍቆ 1932 ብሎ መትቶበታል። ከጎኑ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈውን አሥራ አምስት ግን አልነካውም።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች በሆዷ፤ ሽጉጡንም በጨርቅ ጠቀለለችው።

«አባዬ ሽጉጡን ሰሞኑን መርምርልኝ ብሎ ለአንድ የመሣሪያ አዋቂ ሰጥቶት ነበር» አለች ዳሲቱ። «ትናንት ሲመለስለት እንደ እብድ አደረገው። ‹አበላሸብኝ፣ በሰው ፊት ነው የማዋርደው!› ይል ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ጎረቤቱ አቶ ፈርሃት ጉሮሮውን ጠረገ። የጥንት መሣሪያ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያልደሰኮረበት ለቅሶ ቤት የለም። «ኤባ ከአያቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምተናል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ የኔ እህት?»

«እርስዎስ ሽጉጡን አይተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ በዓይኔም አላየሁት!»

ኡምሀኒ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበችና የሟቹን የመሣሪያ ፈቃድ ገለጠች። «የተሠራበት ዓመት፣ 1937» ስትል ጮክ ብላ አነበበች።

ፈርሃት ሳቁን መቻል አቃተው። «ወይ አለማወቅ! በ1933 የተማረከ ሽጉጥ በ1937 ይሠራል? 1932 ነው የሚለው!»

«በዓይንዎ ያላዩት ሽጉጥ ምን እንደሚል በምን አወቁ?»

ፈርሃት አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«እኔ ልንገርህ» አለች አክብሮቱን ትታ። «1937 የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1929። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ አሥራ አምስተኛው ዓመት ማለት ነው፤ ያልፋቅከው ቁጥር ይመሰክርብሃል። አንተ ግን ፋብሪካው ተሳስቷል ብለህ አረምከው! የ1934 ሞዴል በ1932 ተሠራ! ኤባ ቢሆን ብረት ያውቃል፤ መልሶ ያጠቁረው ነበር። ዛሬ ማለዳ ልትለማመጣቸው መጣህ፤ አዋርድሃለሁ ሲሉህ በዚያው ሽጉጥ መታሃቸው።»

ካቴናው ከኤባ እጅ ወጥቶ ፈርሃት እጅ ላይ ገባ። ዳሲቱ ልጇን አቅፋ ተንሰቀሰቀች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ፈርሃት ወደ ኡምሀኒ ጆሮ ጠጋ አለ። «መግደሉን አልክድም» አለ በሹክሹክታ። «የቁጥሩን ነገር ግን ለሰው ባትነግሪብኝ።»

ኡምሀኒ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።»