ዘበኛው «ጠፋ» ሲል

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የተገኘው ከመጋዘኑ በር ሁለት እርምጃ ርቆ፣ የውሃውን ጎማ ጫፍ እንደ ጨበጠ ነበር። እሳት አልነካውም፤ የጨረሰው ጭሱ ነው። መርማሪዋ ግን ከሬሳው ይልቅ ጎማውን ነበር የምታየው። የጎማው አፍ ክፍት ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ አቧራ። ጎማው መሃሉ ላይ ቀልጦ ተበጥሷል፤ እዚያ ጋ አመዱ ጭቃ ሆኗል። ግድግዳው አጠገብ ባለው ባዶ በርሜል ውስጥ ጣሳ ተጋድሟል፤ የበርሜሉ ወለል በጣሳ ጠርዝ ተጭሯል።

ማዶ ተራራው አሁንም ይጨሳል። የመንደሩ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ አንዴ ጭሱን፣ አንዴ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ያያል። ትናንት ጠዋት ለእነሱ ተብሎ አንሶላ ላይ የተጻፈው «እናመሰግናለን» ዛሬ በአንድ ጥጉ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሌላውን ጥግ ማን እንደ ፈታው የሚናገር የለም።

«እኔን ነው የሚያዩት» አለ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጥላሸቱን ከዐይኑ ሥር እየጠረገ። «‹ጥሎት ሄደ› ይላሉ። እውነትም ሄጃለሁ። ‹ትምህርት ቤቱ ጋ ጠፍቷል› ስባል መኪናውን ወደ ታችኞቹ ቤቶች አዞርኩ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ሚስቱ።»

የዘበኛው ሚስት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታገላብጣለች።

«ደውሎ ‹ጠፋ! ጠፋ!› አለኝ። ‹ተመስገን› አልኩት። ከዚያ ተቋረጠ።»

«ሌላ ነገር ሳይል?»

«እሱ ምን ይላል፣ የኔ እህት? እንኳን በስልክ፣ ፊት ለፊትም ቃል ቆጣቢ ነው። ምሳ ደረሰ ስለው እንኳ ይመጣል እንጂ እሺ አይልም።»

«ድምፁስ፣ እትዬ? ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር?»

ሴትየዋ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

መርማሪዋ ቧንቧውን ተከትላ ወደ ላይ ወጣች። ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ውሃ አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለአትክልት ቦታው። የቧንቧ ሠራተኛው ክዳኑን በግራ እጁ አነሣ። ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ «ግራኙ» ነው የሚሉት።

«እሳቱ ከተነሣ ወዲህ የአትክልቱን መስመር ዘግቼ መዝጊያውን በሽቦ አሥሬዋለሁ። ይኸው፣ እንዳሠርኳት አለች!»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«አለቃው መኪና ላይ፣ ጎማ ስጎትት። ጠይቂው። ወገቤንም ጠይቂው!»

አልሳቀችም። ሽቦውን ጎንበስ ብላ አየችው።

ስትመለስ በአትክልቱ በኩል አለፈች። ጎመኑም ሽንኩርቱም አመድ ለብሷል። የሟች ታላቅ ወንድም የብርቱካን ዛፎች ቅጠል ብቻ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ብርቱካንዎ አምሮበታል።»

«በዚህ ሐዘን ማን አይቶት፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ ወደ ዛፎቹ ሳይመለከት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለግራኙ ሽቦ ሰጥታ የወንበር እግር ላይ አሳሠረችው። ቀጥላ ለሟች ታላቅ ወንድም ሰጠችው። ሽማግሌውም አሠረ።

«የግራኙ ሽቦ ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው» አለች። «የጋሼ ወደ ቀኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ወደ ቀኝ ነው። ግራኙ ያሠረውን ሌላ ሰው ፈትቶ መልሶ አሥሮታል።»

«ቀኝ እጅማ ያልተፈጠረለት ማን አለ!» አለ ሽማግሌው።

«ልክ ነው። አመዱም ሁሉም አትክልት ላይ ወድቋል። የታጠበው ግን የእርስዎ ቅጠል ብቻ ነው፤ ዝናብ ደግሞ አልዘነበም። ትምህርት ቤቱ ከአትክልቱ ከፍ ይላል። የታችኛው ሲከፈት የላይኛው ይደርቃል። ዘበኛው የያዘው ጎማ ሥር ደረቅ ነው፤ ጎማው የተበጠሰበት ጋ ግን አመዱ ረጥቧል። ውሃው የተመለሰው እሳቱ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው።»

ወደ ሴትየዋ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሳት የጠፋለት ሰው የጎማውን አፍ ይዘጋል፣ እትዬ። የበርሜል ወለልም በጣሳ አይጭርም። ባለቤትዎ ‹ጠፋ› ያለው እሳቱን አልነበረም።»

«ውሃውን» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ጋሼ?»

«ሩብ ሰዓት ብቻ ብዬ ነው» አለ ሽማግሌው። «አሥራ ሁለት ዓመት ያሳደግኳቸው ናቸው። እሳቱ ገና ማዶ ነበር… እሱም ቤቱ የገባ መስሎኝ… ነፋሱ ዞረብኝ።»

አለቃው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ግራኙ ማንንም ሳያይ ተነሥቶ ወጣ፤ በመስኮቱ በኩል የወደቀውን የአንሶላ ጥግ በሽቦ ሲያሥር ታየ።

ያኔ ከተራራው ግርጌ የሠራተኞቹ ጩኸት ተሰማ። «ጠፋ! ጠፋ!»

ያጨበጨበ የለም። ሁሉም ሴትየዋን ያያል። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ በሁለት እጇ ደፉን ያዘች።

«ምኑ?» ብላ ጮኸች።