ሦስተኛው ጉዞ

እማማ ቦርግሂልድ ባላቸውን የወሰደባቸው ባሕር ነው። የልጅ ልጃቸው ዮሩን ገና ስትድህ ለራሳቸው የማሉት፣ ይህችን ልጅ ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው አልሰጥም ብለው ነበር። ዮሩን አድጋ፣ መምህርነት ተምራ፣ አያቷ በሚኖሩባት ደሴት ትንሽ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት በምትክነት ስትቀጠር እማማ ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ፈሩ። የፈሩትም አልቀረ።

መስከረም ላይ ዮሩን ተማሪዎቿን ይዛ ወደቡ ወረደች። የቃላት ፕሮብሌም፣ ማለትም በታሪክ የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ፣ አልገባ ብሏቸው ነበር። «እያንዳንዱ» የሚል ቃል ካዩ ዘለው ያባዛሉ፣ «ተካፈሉ» ካዩ ያካፍላሉ፣ ታሪኩን የሚያነብ የለም። እሷ ደግሞ ታሪኩን በራሳችሁ አፍ ሳትነግሩኝ እርሳስ የሚነካ እንዳላይ ትላለች። ያን ቀን የያዘችው ጥያቄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓሣ አለን፣ አንድ ሣጥን ስምንት ይይዛል፣ ሁሉንም ለመጫን ስንት ሣጥን ይበቃል የሚል ነበር። ልጆቹ አራት ሣጥን፣ ቀሪ ስድስት ብለው ተንጫጩ።

አጠገባቸው ጀልባውን ሲያጥብ የነበረው ወጣት ቀና አለ።

«ስድስቱንስ? ኪሴ ውስጥ ልክተታቸው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዮሩን አልሳቀችም፤ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም የሚያዩት ሌላ ነገር ፈለጉ። ሲቨርት ይባላል፤ በደሴቶቹ መካከል ሰው የሚያመላልሰው እሱ ነው። አምስተኛውን ሣጥን ራሱ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ፕሮብሌም በወረቀት ጽፎ ይልክላት ጀመር። ዮሩን ማታ ለልጆቹ ከመስጠቷ በፊት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ድንች እየደረደረች ትሞክረዋለች፤ ስድስት ስድስት፣ በሦስት ረድፍ። ብቻዋን ፈገግ ትላለች። እማማ ቦርግሂልድ ሹራባቸውን እየሠሩ ያንን ፈገግታ ያያሉ።

«ይሄ ድንች ሊቀቀል ነው ሊማር የመጣው?» ይላሉ፤ አንሥተውም ይልጡታል።

ጥር ላይ ግን አላስችል አላቸው። ካፖርታቸውን ደርበው ወደብ ወረዱና ለሲቨርት ነገሩት። ትሮንድሄም ከተማ ቋሚ ሥራ ሊሰጧት ነው፣ አንተ ካለህ አትሄድም፣ አንተም እንደ ባሌ አንድ ቀን ወጥተህ ብትቀር ይቺ ልጅ ምን ትሆናለች፣ ተዋት አሉት። ወጣቱ ገመዱን ሲጠቀልል፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲጠቀልል ቆየ።

«እሺ እማማ» አለ በመጨረሻ።

ወረቀቱ ቀረ። ዮሩን አልጠየቀችም፤ በዚያ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ጀልባው በሚመጣበት ሰዓት ብቻ መስኮቱ አጠገብ የምትሠራው ነገር አታጣም ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ የትሮንድሄሙን ሥራ ፈረመች። እማማ እፎይ ማለት ነበረባቸው፤ ምግብ ግን አልወርድ አላቸው።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ልጆቹ ማዶ ወዳለችው ደሴት ለሽርሽር ሊሄዱ ሆነ። ዮሩን ጉዞውን ራሳቸው እንዲያሰሉት ሰጠቻቸው። ሃያ አራት ተማሪ፣ ጀልባው አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ይይዛል፤ ለመመለስ ስንት ጉዞ? ሁለት አሉ። ሥዕሉንም ሣሉ፣ ታሪኩንም ተረኩ። እሷም አርማ የ«ራይት» ምልክት አደረገችበት። በዕለቱ እሳትና ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ ለማሰናዳት በጎረቤት ጀልባ ቀድማቸው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጭጋግ መውረድ ጀመረ። እማማ ቦርግሂልድ ወደቡ ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ጉዞ አሥራ ሁለት ልጅ ወረደ። በሁለተኛውም አሥራ ሁለት። ጀልባው ባዶ ሆነ። ደግመው ቆጠሩ።

«ዮሩንስ?»

ቪልደ የምትባለው የአራተኛ ክፍል ልጅ የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን እያወለቀች ቆም አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «መምህርታችንን አልቆጠርናትም» አለች በቀስታ።

ሲቨርት ሰደርያው አሥራ ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ዮሩንም ልጆቹን አስቀድም ብላ ገፍታ እንደላከችው ሲናገር ጀልባውን እያዞረ ነበር። ማዶ ያለችው ደሴት ግማሿ ጠፍታለች። እማማ ወደ ጠርዙ ቀረቡ። ባላቸው የወጡትም እንዲህ ባለ ቀን ነበር። የጀልባውን ገመድ ጨብጠው ያዙ።

«እማማ፣ ይልቀቁት።»

«የከለከልኩህ እኔ መሆኔን ንገራት።»

ሲቨርት መሪውን ይዞ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ትቆጣኛለች። ትቆጣ። አንድም ቀን እሷን ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሱንም ጨምረህ ንገራት።»

«ራስዎ አይነግሯትም?»

«እሷ ዘንድ የምትደርሰው አንተ ነህ።»

ገመዱን ለቀቁት።

ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ራቀ፣ ራቀ፣ ጭጋጉ ዋጠው። ቆይቶ መመለሻው ላይ ተሰማ፤ መጣ፣ መጣ፣ ድንገት መሐል ባሕር ላይ ጠፋ። እማማ ቦርግሂልድ በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምተው አያውቁም። መቶ ድረስ ቆጠሩ። ከአንድ ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። ሦስተኛውን መቶ ሳይጨርሱ ሞተሩ ተነሣ።

ዮሩን ዓይኗ ቀልቶ፣ የሲቨርትን ሹራብ ለብሳ ወረደች። አያቷን አላቀፈችም።

«አምስት ወር፣ አያቴ። አምስት ወር ሙሉ ጠልቶኝ መስሎኝ።»

እማማ ወደ ጀልባው ዞሩ። «ሞተሩ ለምን ጠፋ?» አሉ።

«አልጠፋም፤ አጠፋሁት» አለ ሲቨርት። «ስትናገር አልሰማ ብሎኝ ነው።»

ዮሩን አያቷን ሦስት ቀን አላናገረችም። በአራተኛው ቀን ድንቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ነይ ቁጠሪ አለቻቸው። ፈርማ ነበርና ዓመቱን ትሮንድሄም አስተማረች፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ግን ሲቨርት በየብሱ በኩል ካለው ወደብ ይቀበላት ነበር። በዓመቱ ተመልሳ ያንኑ ክፍል ያዘች። ዛሬ የእሷና የሲቨርት ቤት ከወደቡ በላይ ነው።

እማማ ቦርግሂልድ አሁንም ይፈራሉ። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ካፖርታቸውን ደርበው ይወርዳሉ። ዮሩን ከትምህርት በኋላ አብራው ትወጣለችና፣ ጀልባው ላይ ሁለት ሰው እስኪያዩ አይመለሱም። ከዚያ ገብተው ድንች ይጥዳሉ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ፤ የራሳቸውን ሳይረሱ።