የግራዝማች ፈንታ ማሽላ

ይህን ተረት ነው የሚል ካለ ስማዳ ይውረድና ይጠይቅ።

የደረሰባት ሴት የአባቴ አክስት ናት፤ የሺ ትባላለች። እስክትሞት ድረስ ስትነግረን አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አንድ ቃልም አልቀነሰችም።

ኅዳር 1951 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ...

ባሏ ዳኛቸው ከጓሮ ጠራት።

"የሺ... ነይ እስቲ።"

ዳኛቸው ከቆላ ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የግራዝማች ፈንታን ማሽላ ሊያጭድ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ወርዶ ነው የከረመው። ግራዝማች የመሬቱ ጌታ ናቸው፤ ውረዱ ካሉ ይወረዳል። የወባ ንዳድ እያንቀጠቀጠው ሲመለስ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ነጭ ኪኒን ላኩለት።

"ቶሎ ቶሎ ይዋጥ፤ ማሽላው ገና አላለቀም" ብለው።

የሺ ጓሮ ስትደርስ ዳኛቸው የድንጋይ ካቡን ተደግፎ ቆሟል። በጣቱ መሬቱን አሳያት።

አፈሩ ላይ ጥቁር ነገር ፈሷል። የጠላ አተላ መሰላት። ጠጋ ብላ ብታይ... ጠርዙ ቀይ ነው።

"ምንድን ነው?"

"ሽንቴ ነው።"

ቀና ብላ አየችው። የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለ በሹክሹክታ። "ሰረቀ ይሉኛል።"

አገሩ ሁሉ የሚያምነው አንድ ወሬ ነበር። ያወሩት ራሳቸው ግራዝማች ናቸው። ከማሳቸው አንዲት ዛላ የሰረቀ ሰው የቦታው ቆሌ ደም ያሸናዋል ይሉ ነበር።

"ሰርቀሃል?" አለችው።

"በልጆቼ! አንዲት ፍሬ አልነካሁም።"

አመነችው።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ዓለሚቱ ሮጠች። የዓለሚቱም ባል አብሮ ወርዶ ነበር። በጓሮ በኩል ስታልፍ ግን እግሯ ቆመ...

መሬት ላይ አመድ ተነስንሷል። አመዱ ርሷል። ጠቁሯል።

ዓለሚቱ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻት።

"ያንቺም?" አለች የሺ።

"ዝም በይ... ሰው ይሰማል።"

በሩ ተዘጋ።

ሦስተኛው ቤት ሄደች። አመድ።

አራተኛውም ቤት... አመድ።

ሦስት ሚስቶች፣ እያንዳንዳቸው የሌባ ሚስት የሆኑ መስሏቸው፣ የባላቸውን ደም በአመድ ሲሸፍኑ ነው የሰነበቱት!

በማግስቱ የሺ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያክም ካሣሁን የሚባል ድሬሰር ከገበያ መንገድ ለምና አመጣች። ሽንቱን በቅል አሳየችው። ሰውየው ቅሉን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ኪኒን ሲውጥ ነበር?"

"አዎ፣ ግራዝማች የላኩለትን።"

"ከእንግዲህ እንዳይውጥ! ወባው ከዚያ ኪኒን ጋር ሆኖ ደሙን ከውስጥ እያፈረሰው ነው። የፈረሰው ደም ነው በሽንቱ የሚወጣው።"

"የቆሌ ቁጣ አይደለም?"

"የምን ቆሌ! አምናም ሁለት ሰው እንዲህ ሆኖ ሞቷል። ለግራዝማች በአፌ ነግሬያቸዋለሁ። ወደዚያ ማሳ ሰው አይስደዱ፣ ኪኒኑንም እንዲሁ አያድሉ ብያቸዋለሁ።"

የሺ ቅሉን ከእጁ ነጠቀች። 

ያውቃል... ግራዝማች ያውቃል!

ዳኛቸው አልተረፈም። በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጭራሽ ቆመ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣ አለው። በሰባተኛው ቀን ቀበረችው። ሦስቱ ቀድመውት ነበር።

በሣልስቱ ግራዝማች ሌሎች ስድስት ሰዎች ሰብስበው፣ ወደ ቆላ የሚያወርደው ገደል አፍ ላይ መጡ። እኩለ ቀን ነው። የሺ እጇን ዘርግታ መንገዱ መሐል ቆማለች።

"አንቺ ሴት፣ ዞር በይ!" አሉ ከበቅሎ ላይ ሆነው።

"አልዞርም።"

"የሌባ ሚስት! ባልሽን ቆሌ ነው የበላው።"

"ባሌን የበላኸው አንተ ነህ!"

 ግራዝማችን አንተ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

"አምና ተነግሮሃል! ድሬሰሩ ነግሮሃል! እኛ በየጓሯችን በሐፍረት ስንሞት፣ አንተ እያወቅህ ሌባ አልኸን!"

ከሰዎቹ አንዱ፣ ፋንቱ የሚባለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

"እውነት ነው፣ ግራዝማች?"

ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩ። ፋንቱ ማጭዱን መሬት ጣለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

"ታዲያ ማሽላዬን ማን ሊያጭደው ነው?" ብለው ግራዝማች ጮኹ።

ያኔ ነው ከታች የተሰማው...

ቸር... ቸር... ቸር...

የማጭድ ድምፅ።

ሁሉም ወደ ቆላው አዩ። ማሳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው የለበትም። ማሽላው ግን በአራት ቦታ ይወድቃል። ቀስ እያለ፣ በተራ፣ የደከመው ሰው እንደሚያጭደው...

"በስመ አብ..." አለ ፋንቱ።

የሺ አላማተበችም። ደሟ ነው የፈላው። ባሌን ሞቶም ግራዝማች አይለቀውም?

ገደሉ አፍ ላይ ቆማ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

"ዳኛቸው! ተው! አትጨድለት!"

ድምፁ ቀጥ አለ።

ማሽላው መውደቁን ተወ።



ከዚያ ከማሳው ዳር ያለው ረጅም ሣር መከፈት ጀመረ። ነፋስ የለም። ሣሩ በአራት መስመር እየተኛ፣ እየተኛ... ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ አፍ ይመጣል።

ስድስቱ ሰዎች ሮጡ። ግራዝማች ልጓሙን ሳቡ፣ በቅሎዋን በአለንጋ መቱ። በቅሎዋ አራት እግሯን ተክላ ቆመች።

"የሺ..." አሉ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። "የሺ፣ እባክሽ... መልሻቸው።"

የሺ አየቻቸው።

ከዚያ መንገዱን ለቃ ዳር ላይ ቆመች... የሚመጡትን ለማሳለፍ።