የደከመው የዙፋን ድንጋይ

በዘርማት መንግሥት፣ በንጉሥ አርዋድ ዘመን፣ በሐይቁ በዓል ዕለት፣ ሕዝብና ሠራዊት በተሰበሰበበት የዙፋኑ ድንጋይ ቃል ዘለለ።

ዘርማቶች ነገራቸውን የሚያስቀምጡት በብራና ላይ አልነበረም፤ በብርሃን ድንጋይ ውስጥ ነበር። በድንጋዩ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ የብርሃን ጠብታ ትታሰራለች፤ ጠብታዎቹም ተሰልፈው ቃል ይሆናሉ። ድንጋዩ ሲነካ በጻፈው ሰው ድምፅ ይናገራል። ከሁሉ የከበረው በንጉሡ ቀኝ የቆመው የዙፋን ድንጋይ ነበር፤ ጎርማድ የተባለውን ዘንዶ በሐይቁ ሥር አስተኝቶ የሚያኖረውን መሐላ የያዘው እርሱ ነውና። መሐላውን ሌባ እንዳይወስደው አበው በአስማት አስረውታል። በሰው አእምሮ አይቀመጥም፤ ሰምቶ የጨረሰ ሁሉ ወዲያው ይረሳዋል።

በዚያ ዕለት ድንጋዩ «በውሃና በ… በውሃና በ…» ብሎ ቆመ። ሐይቁ ፈላ። ከመካከሉ የጎርማድ ራስ ብቅ አለ፤ አንዱ ዐይኑ ተገልጧል፣ ሌላው ገና እንደተከደነ ነው። ሁለተኛው ዐይን የተገለጠ ቀን ዘርማት የምትባል ከተማ እንደማትኖር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

መልስ አጥቶ የማያውቀው ሊቀ ራእይ ሞገሳን ብድግ አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ የጎረቤቶቻችን የሳርዶች ድግምት ነው። ቃላችንን ሰርቀውናል። ሠራዊት ይዝመት!»

ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ከድንጋይ ጸሐፊዎች ረድፍ ወጣች። ሐመራ ትባላለች፤ የሟቹ ጸሐፊ የአውራን ልጅ ናት።

«ጌታዬ፣ ማንም አልሰረቀንም። ድንጋዩ ደክሞ ነው።»

እውነቷን ነበር። የዘርማት መኳንንት ውዳሴያቸው በሌላ ድንጋይ ላይ ቢጻፍ እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር። ጠዋት የአንዱ፣ ቀትር ላይ የሌላው፣ ምሽት ላይ ደግሞ የዚያኛው አማች ውዳሴ በዚያው በዙፋኑ ድንጋይ ላይ ይጻፋል። የብርሃን ድንጋይ ግን በከፊል አይፋቅም፤ ሲፋቅ ሙሉውን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙገሳ መሐላው በብር ሳሕን ተቀድቶ ይወጣል፣ ድንጋዩ በእሳት ይፋቃል፣ መሐላው ከአዲሱ ውዳሴ ጋር ተመልሶ ይፈስበታል። ለእሳቱ ሲባል ኮረብታዎቹ መላጣ ሆነዋል። በተፋቀ ቁጥር የክፍሎቹ ግድግዳ ይሳሳል፤ የሳሳ ግድግዳ ደግሞ ብርሃን አይዝም። ከዙፋኑ ጀርባ ባለው ዋሻ ግን አንድ ቃል ያልተጻፈባቸው ድንጋዮች ሐር ለብሰው ተደርድረዋል። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሲጫወቱ ኖሩ።

«የጠፋው ቃል ከወዴት ይገኛል?» አለ ንጉሡ።

«አበው መሐላውን መጀመሪያ የጻፉት በብራዝ ተራራ በረዶ ውስጥ እንደሆነ አባቴ ነግሮኛል። እኔ እሄዳለሁ። ቃሉን ሳልይዝ ብመለስ የዘርማት ምድር አትቀበለኝ።»

ንጉሡ ከዘበኞቹ መካከል በርጋንን አስከተላት። በርጋን ከገደል በቀር የሚፈራው ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ደግሞ ከገደል በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም።

ባረፉ ቁጥር ሐመራ በአንገቷ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ ድንጋይ ትነካ ነበር። ድንጋይዋ በአባቷ ድምፅ «ሐመራ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ብርዱ ገባ» ትላለች። አውራን አዲስ ድንጋይ ሲሞክር በአጋጣሚ የቀረች ቃል ናት። ከዚያ ወዲያ አልተፋቀችም።

«ይኸው ነው?» አላት በርጋን በመጀመሪያው ቀን።

«ይኸው ነው፣ ጋሼ። ከአባቴ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው።»

በርጋን ከዚያ በኋላ አልቀለደባትም። እንዲያውም ባረፉ ቁጥር ከእሷ እኩል ጆሮውን ያቀና ጀመር።

ከተራራው አንገት ላይ ብርሃን ላሾች ጠበቋቸው። ምላሳቸው ከክንፋቸው የሚረዝም ጥቋቁር ወፎች ናቸው፤ ድንጋይ ያገኙ እንደሆነ ብርሃኑን ልሰው ባዶውን ይተውታል። በርጋን በአንድ እጁ ዐለት አቅፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው እጁ ጎራዴውን እያሽከረከረ መንገዱን ከፈተ። ሐመራ ድንጋይዋን በመዳፏ ሸፍና በሥሩ አለፈች። ትከሻው ደምቶ ነበር፤ እርሱ ግን ያማረረው ስለ ገደሉ ነው።

በተራራው ላይ ያለው የበረዶ ዋሻ ጠባቂ እመት ዛዊት የምትባል ባልቴት ነበረች። በበረዶ ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ድንጋዮች አሳየቻቸው። ሦስተኛው ባዶ ነበር፤ ወፎቹ አስቀድመው ገብተው ልሰውታል። በርጋን ይህን ሲያይ «አለቀልን» ብሎ ተቀመጠ።

ባልቴቲቱ ሳቀች። «ተነሣ ልጄ። አበው ሞኞች አልነበሩም። መሐላውን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ግማሽ እዚህ፣ አንዱን እዚያ ጻፉ። በሦስተኛው ላይ ሁለቱን ቀላቅለው አኖሩ። ከሦስቱ አንዱን የሰረቀ ምንም አይገባውም፤ ከሦስቱ አንዱ የጠፋበትም ምንም አይጎድልበትም።»

ሐመራ እፎይ አለች። እፎይታዋ ግን ብዙ አልቆየም።

«ታዲያ ሁለቱን ይዘናቸው እንውረድ፣ እመት?»

«አይሆንም። እርጅና አለባቸው፤ ከበረዶው የወጡ እንደሆነ የቆላው ሙቀት ሐይቁ ጋ ሳትደርሱ ብርሃናቸውን ያፈስሰዋል። ብዙ ያልተፋቀ፣ ግድግዳው ያልሳሳ ድንጋይ ያስፈልጋል። በእኔ ዘንድ የለም።»

የባልቴቲቱ ዐይን በልጅቱ አንገት ላይ አረፈ። ሐመራ ድንጋይዋን ጨበጠች። ከተማ ተመልሶ ሌላ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ዘንዶው ግን አይጠብቅም።

«ልጄ፣ ግማሹን ማስቀረት አይቻልም» አለች ዛዊት በለሆሳስ።

«አውቃለሁ። የጸሐፊ ልጅ ነኝ።»

ድንጋይዋን ለመጨረሻ ጊዜ ነካቻት። አባቷ በሩን እንድትዘጋ ነገራት። ሐመራ አለቀሰች፤ ቢሆንም እጇን አልመለሰችም። በእሳት ፋቀቻት፣ ሁለቱንም ግማሾች ከበረዶው እያነበበች በእሷ ላይ ጻፈች። በርጋን ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆመ፤ የሚፈራውን ማየት ቀለለው።

ሐይቁ ዘንድ ሲደርሱ የጎርማድ ሁለተኛ ዐይን እኩሌታው ተገልጦ ነበር። ከተማው በጣራ ላይ ወጥቷል። ሐመራ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገብታ ድንጋይዋን ነካች። ድንጋይዋ በሐመራ ድምፅ «በውሃና በጨው፣ በጨውና በዝምታ…» እያለች፣ አንድም ቃል ሳትዘል መሐላውን እስከ ፍጻሜው አሰማች። የሰማ ሁሉ ወዲያው ረሳው። ጎርማድ ግን አልረሳውም። ዐይኖቹ ተከደኑ፤ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ወረደ።

ከዚያ ሕዝቡ አንድ ላይ እፎይ አለ፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ አለቀሰ፣ ሳቀም። ዝመቱ ይል የነበረው ሞገሳን ከንግሥቲቱ ወንበር ጀርባ ተደብቆ ተገኘ። ማንም አልተቆጣውም፤ ቀኑ ለቁጣ አይመችም ነበር።

ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ልጅቱ ፊት ቆመ። ምን እንዳስከፈላት በርጋን ነግሮታል።

«ለአባትሽ ድምፅ ምን ልስጥሽ?»

«ምትክ የለውም፣ ጌታዬ» አለች ሐመራ። «ግን ሐሩ ከዙፋኑ ጀርባ ካሉት ድንጋዮች ላይ ይነሣ። መሐላው አበው እንዳደረጉት በሦስት ድንጋዮች ላይ ይጻፍ፤ ድንጋዮቹ ሁሉ ሥራውን በየተራ ይቀበሉ፣ አንዱም ብቻውን አይድከም። ውዳሴ የሚሻ መኮንን ተራ በደረሰው ድንጋይ ላይ ያስጽፍ፤ እሳቱም ግድ ካልሆነ አይንደድ። ከእንግዲህ በዘርማት በአንድ ድንጋይ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አይኑር። አንድ ብቻ የሆነ ነገር ሲሄድ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።»

ንጉሡ «ይሁን» አለ። በሐይቁ ዳር ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ወረዱ፤ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር።