ከክንፏ ሥር ያለው ጥቁር

ሽማግሌው ወፍ ቆጣሪ ከረግረጉ መመልከቻ ማማ ሥር፣ ጭቃው ላይ በአፍጢማቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ቆማ የተገኘችው ልጃቸው ናት፤ ትናንት ከእሳቸው ጋር ስትጣላ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ ጣት ወደ ማን ይቀሰር?

ልጅቱ የጥበቃው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እንባ የለ፣ ፍርሃት የለ፤ እጆቿ እንኳ የሌላ ሰው መስለዋታል። ውጭ የፖሊስ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። ጥበቃውና የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ እሳቸውም ወፍ ቆጣሪ የሆኑት «መነጽር» የሚሏቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

መርማሪዋ ስትጠይቅ ስለ ወፍ ምንም የማታውቅ ትመስላለች።

«እስቲ አስረጂኝ፤ አባትሽ የሚፈልጉት የትኛዋን ወፍ ነው?»

«ግራጫዋን። እዚህ የምትመጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ከወርቃማዋ ጋር ተቀላቅላ ስትቆም ግን ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው።»

«በምን ትለያለች?»

«ስትበር ብብቷ ጥቁር ነው። የወርቃማዋ አይደለም። አባባ ‹ካልበረረች አትጻፏት› ይላል።»

«ይል ነበር» ማለት አልመጣላትም።

መርማሪዋ ወደ ጥበቃው ዞረች። «ወፎቹ ዛሬ ስንቴ ተነሱ?»

«አንዴ ብቻ። ጩኸቱ ሲሰማ ግር ብለው ተነሱ። ሮጬ ስደርስ እሷ ቆማለች። ሌላ ሰው ቢኖርም አይታይም፤ ቄጠማው ከሰው ቁመት ይበልጣል።»

«እርስዎስ፣ ጋሼ?»

«እኔማ ሲነጋ አይቻቸው፣ እሱ ሳይመጣ ቤቴ ገባሁ» አሉ መነጽር። «ወፎቹ ንቅንቅ አላሉም ነበር።»

«የወፍ ማስታወሻ ደብተርዎን ልየው?»

ሰጧት። ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹ዛሬ፤ ግራጫዋ፤ አንድ። የብብቷ ጥቁረት በግልጽ ታይቷል።›» ቀና አለች። «የቆመች ወፍ ብብቷ አይታይም። የበረሩት ደግሞ አንዴ፣ በጩኸቱ ሰዓት ነው። ያኔ ቤትዎ አልነበሩም፤ ከቄጠማው በላይ የሚያሳየው ማማው ላይ ነበሩ።»

መነጽር መሬት መሬቱን አዩ። «ከሃያ ዓመት በፊት አየሁ ያልኳትን፣ ስም ያገኘሁባትን ወፍ ሐሰት ናት ብሎ ከመዝገብ ሊያሰርዝብኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህችን ለምን ጻፏት?»

«አየኋት እኮ! ያየሁትን እንዴት አልጽፍም?»

ሰው መግደልም መዋሸትም ችለዋል። ደብተሩ ላይ ግን እጃቸው እምቢ አላቸው።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ «አባባ ምን ብሎ ነው የጮኸው?»

«ስትመጪ ከላይ አየሽ። ‹ልጄ መጣች!› ብሎ እጁን ሊያውለበልብልሽ ዞረ። ያኔ ገፋሁት።»

መርማሪዋ ደብተሩን ዘጋች።

«ነፃ ነሽ» አለቻት መርማሪዋ።

«እሺ» አለች ልጅቱ። ነፃ መሆኗ ለማን እንደሚጠቅም ግን አልገባትም።